ቴሌስኮፑን ግምጃ ቤት አትቆልፉበት

ሰሞኑን ሐዋሳ ላይ ለተማሪዎች አነስተኛ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲነሳ አንድ የትምህርት ኃላፊ በአጭሩ ዘጉት። የከተማው መብራትና የሐይቁ እርጥበት ባለበት ቴሌስኮፕ ጌጥ ነው፣ የእንጦጦ መመልከቻ እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል፣ ዕቃውም የተሻለ ቦታ እስኪገኝ ግምጃ ቤት ይቀመጥ አሉ።

ግምጃ ቤት! እርጥበት የፈራ ሰው ሌንስ ይቆልፋል? የሌንስ ፈንገስ የሚመቸው ጨለማ፣ የታፈነና እርጥብ ቦታ ነው። አንዴ ሽፋኑን ከበላ መወልወል አይመልሰውም። በሥራ ላይ ላለ ቴሌስኮፕ ግን መላው ቀላል ነው፦ ጤዛ እንዳይዘው ከፊቱ መከለያ ቱቦ፣ ዙሪያውን ለብ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ ቀበቶ፣ ሳይደርቅ አለመክደን፣ ቀን ቀን እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል።

መብራቱ ጋላክሲና ኔቡላ (በኮከቦች መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ያደበዝዛል፤ እሺ። ኮከብ መለካትን ግን አይከለክልም። ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ ያለች ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ መጀመሪያ የተለካችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ኮከቧ ኤችዲ 209458 ትባላለች። በስንት ሜትር ቴሌስኮፕ ይመስላችኋል? በ10 ሴንቲ ሜትር! ያውም ምድረ በዳ ላይ ሳይሆን ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ ውስጥ፤ ከፍታዋም ከሐዋሳ ብዙ አይለይም። ፕላኔቷ ስትጋርዳት የኮከቧ ብርሃን የሚቀንሰው ከመቶ ሁለት እንኳ በማይሞላ፣ ለሦስት ሰዓት ያህል ነው። ይህችው ኮከብ በጥቅምት መጀመሪያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሐዋሳ ላይ ከአናት 12 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብላ ታልፋለች። ፎከሱን ሆን ብሎ ትንሽ ማበላሸት ነው፤ ብርሃኑ ብዙ ፒክስል (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ነጥብ) ላይ ስለሚበተን አንዱም ሊይዝ ከሚችለው ልክ አያልፍም። ከዚያ በየደቂቃው ፎቶ ማንሳት፣ በዙሪያዋ ያለውን የሰማይ ብርሃን መቀነስ፣ ውጤቱን በዚያው ፎቶ ላሉ ጎረቤት ኮከቦች ብርሃን ማካፈል። የመንገድ መብራቱ በመቀነሱ ይወጣል፤ ስስ ደመናም ሁሉንም እኩል ስለሚጋርድ በማካፈሉ በአብዛኛው ይጠፋል። ይህን የፊዚክስ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ይለምደዋል። የእንጦጦዎቹ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የጀማሪ እጅ መፍቻ አይደሉም።

የምር የሚያሳስብ ከተፈለገ ግዢው አለ። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በ7 ዲግሪ ሰሜን ስለሆነች ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ መሆን ያለበት የቴሌስኮፑ ማዞሪያ ዘንግ ወደ ሰሜን ቀና የሚለው 7 ዲግሪ ብቻ ነው። ለአውሮፓና ለአሜሪካ የተሠሩ ብዙ መቆሚያዎች እዚያ ድረስ አይወርዱም፤ በግድ ሲወርዱም ማመዛዘኛ ክብደቱ እየዞረ ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ዘንጉ የሚነጣጠርባት የሰሜን ኮከብም ከአድማስ ጥግ ናት፤ ጭጋግ ወይም አንድ ፎቅ ይበቃታል። መፍትሔው በልኩ የተቆረጠ የብረት አናት ያለው የኮንክሪት ምሰሶ ነው፤ መሠረቱም ከወለሉ የተነጠለ፣ የሰው ኮቴ እንዳያነቀንቀው። ኃላፊው ይህ በጨረታ ሰነዱ ላይ ተጽፏል ወይ ብለው ቢጠይቁ ምን ነበረበት? ክረምቱ ሲወጣ ሰማዩ ይከፈታል፤ ኮንክሪቱ ከዚያ በፊት ይፍሰስ።