ነጭ ሽንኩርት የደም ሥር አያጥብም

ሰሞኑን በየስልኩ ሲዘዋወር የከረመውን የጤና ፕሮግራም ቁራጭ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። እንግዳው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አፍልቶ ለሦስት ሳምንት በባዶ ሆዱ የጠጣ ሰው የደደረ የደም ሥሩ ታጥቦ ይጸዳል፣ ከዚያ ወዲያ የኮሌስትሮል ክኒን ምን ያደርግለታል ሲሉ አዘጋጁ አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጣቸው። አንዲት ጥያቄ እንኳ አልወጣችውም። ትችቱ ሲበረታበት የሰጠው መልስ ደግሞ ከእንግዳው ንግግር የባሰ ነበር፤ ቢጠቅም እሰየው፣ ባይጠቅም አይጎዳም አለና አረፈው።

ከማጠቡ ልጀምር። ምክንያቱም ይህን ወሬ የሚሸጠው እሱ ነው። ሰው የደም ሥሩን ዝቃጭ እንደያዘ የውሃ ቱቦ አድርጎ ያስባል፤ ጎምዛዛና የሚያቃጥል ነገር ሲወርድበት የተለጠፈው ሁሉ የሚለቅ ይመስለዋል። የደም ሥር ግን ቱቦ አይደለም፣ ችግሩም የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። ኤልዲኤል የሚባለው የኮሌስትሮል ተሸካሚ በደም ውስጥ ሲበዛ የደም ሥሩን ስስ የውስጥ ሽፋን ሰርጎ ያልፍና ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ሰውነት ነጭ የደም ሕዋሳት ይልክበታል። ሕዋሳቱ ስቡን እየዋጡ ያብጡና ብዙዎቹ እዚያው ይሞታሉ። በላዩ ጠባሳ ይሠራል፣ ዓመታት ሲያልፉ ካልሲየም ይገባበታል፣ ግድግዳው ይደድራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሽፋኑ ሥር ነው። በላዩ የሚያልፈው ደም የሚነካው ሽፋኑን እንጂ ክምችቱን አይደለም። ደምና ክምችቱ ፊት ለፊት የሚገናኙት ሽፋኑ የተቀደደ ቀን ነው፤ ያን ቀን ደሙ እዚያው ይረጋና ልብ ወይም አንጎል ደም ያጣል። እንግዳው ታጥቦ ይወጣል የሚሉት ነገር በእርግጥ ተገልጦ ቢወጣ ኖሮ፣ ሰውየው የሚሄደው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነበር።

ሎሚውስ በየት በኩል ነው እዚያ የሚደርሰው? ጨጓራ ራሱ ከሎሚ የከፋ አሲድ አለው። የደም የአሲድ ልክ ደግሞ በሳንባና በኩላሊት እየተጠበቀ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይኖራል፤ በአንድ ብርጭቆ ጭማቂ አይናወጥም። ግድግዳ ውስጥ የገባ ካልሲየም የሚያሟሟ ደም ያለው ሰው የደም ሥሩ እስኪጸዳ በሕይወት አይቆይም።

ሦስት ሳምንት የሚባለውንም ቁጥር ከየት እንዳመጡት ይንገሩን። ይህ በሽታ በወጣትነት ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ የሚያድግ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) በ1953 በወጣ ጥናት፣ በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች ልብ ሲመረመር፣ አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ገደማ ሆኖ ሳለ በ77 ከመቶው ላይ የልብ ደም ሥር በሽታ ምልክት ተገኝቷል። እንዲህ ቀስ ብሎ የተሠራውን ማፍረስ ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ በ2006 የታተመው አስቴሮይድ የተባለ ጥናት አሳይቷል። ሮሱቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት በከፍተኛ መጠኑ፣ በቀን 40 ሚሊግራም፣ ለ2 ዓመት ተሰጠ። ኤልዲኤል ከግማሽ በላይ ወረደ። ክምችቱ በደም ሥሩ ውስጥ በገባ አልትራሳውንድ ሲለካ ግን፣ ከደም ሥሩ ይዞት ከነበረው ድርሻ የቀነሰው በአማካይ 1 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሐኪሞቹ ተደሰቱ፤ መቀነሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነበርና። በእጃችን ካሉት ጠንካራ መድኃኒቶች አንዱ በሁለት ዓመት አንድ ከመቶ ቀነሰ፤ የእኛ እንግዳ በሃያ አንድ ቀን ድራሹን ያጠፋሉ። ይህን ሰምቶ አንገቱን የሚነቀንቅ ጋዜጠኛ ማይክሮፎኑን ለማን ይዞ እንደተቀመጠ አላውቅም።

ነጭ ሽንኩርት ተንቆ ሳይመረመር የቀረ መድኃኒት ነው የሚሉም አሉ። ተመርምሯል። በ2007 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ኤልዲኤላቸው በመጠኑ ከፍ ያለ 192 ሰዎችን ከፋፍለው፣ አንዳንዶቹን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌሎቹን ከሁለት ዓይነት የነጭ ሽንኩርት ክኒን አንዱን፣ የቀሩትን መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን በሳምንት 6 ቀን ለ6 ወር ሰጧቸው። ኤልዲኤል ላይ ለውጥ አልመጣም። በ2022 ደግሞ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት ነጭ ሽንኩርትን፣ ቀረፋን፣ እርድን፣ የዓሣ ዘይትንና ሌሎች ሁለት ሰፕሊመንቶችን ከ5 ሚሊግራም ሮሱቫስታቲን ጋር ለ28 ቀን አነጻጸረ። መድኃኒቱ ኤልዲኤልን በ38 ከመቶ ገደማ አወረደ፤ ሰፕሊመንቶቹ ከባዶ ክኒን አልተሻሉም፤ ነጭ ሽንኩርት የወሰዱት ሰዎች ኤልዲኤልማ ጭራሽ ከፍ አለ። ትንንሽ ጥናቶችን ሰብስበው መጠነኛ ቅናሽ አለው የሚሉ ተመራማሪዎች መኖራቸውን አልክድም። ይሁን። መጠነኛ ቅናሽ ግን የደም ሥር ማጽዳት አይደለም፣ ክኒን ለመጣልም ፈቃድ አይሰጥም።

የጥንት ሰዎች ዕፅዋት እየበሉ ይህን በሽታ አያውቁትም ነበር ለሚለው፣ በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን የሙሚያዎች ጥናት ማየት ይበቃል። ከግብፅ፣ ከፔሩ፣ ከሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምዕራብና ከአሉሺያን ደሴቶች የተገኙ 137 ሙሚያዎች በሲቲ ስካን ታይተው፣ 34 ከመቶዎቹ ላይ የደም ሥር መደደር ምልክት ተገኝቷል። አላወቁትም መባሉ ግን እውነት ነው፤ ሲቲ ስካን አልነበራቸውም።

ኬሚካል አልፈልግም፣ ተፈጥሮ ይሻለኛል የሚለው ፉከራም ደክሞኛል። ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ከየት የመጡ መሰላችሁ? ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሺሕ በሺሕ ረቂቅ ተሕዋስያንን ፈትሾ የመጀመሪያውን ያገኘው ከሻጋታ ነው። ለኮሌስትሮል የሚሸጠው ቀይ እርሾ ሩዝም የሚሠራው ውስጡ ሞናኮሊን ኬ የሚባል ንጥረ ነገር ሲኖረው ነው፤ ይህም በ1987 አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒትነት ከተፈቀደው ሎቫስታቲን ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ በክኒኑ ውስጥ ያለው ልክ መታወቁ፣ በሩዙ ብልቃጥ ውስጥ ያለው አለመታወቁ ነው።

አሁን ወደ አይጎዳም ልምጣ። ዕፅዋትም ይጎዳሉ፤ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ያወርዳል፤ ግፊት ደግሞ የደም ሥርን ከሚያደድሩት ዋነኞቹ አንዱ ነው። የነጭ ሽንኩርትና ጊንኮ የሚባለው የዛፍ ቅጠል ክኒኖች ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ ለሚወስድ ሰው የመድማት ስጋት ናቸው። እነዚህ ግን ትንሹ ጉዳት ናቸው። ትልቁ የተጣለው ክኒን ነው። በ1994 የታተመው የስካንዲኔቪያ የሲምቫስታቲን ጥናት የልብ ሕመም የነበረባቸውን 4,444 ሰዎች ለ5 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ተከታትሏል። ባዶ ክኒን ከወሰዱት 256 ሞቱ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 182። በመካከል ያሉት 74 ሰዎች ናቸው። ልባቸው አንድ ጊዜ የታመመ ሰዎች ያንን ፕሮግራም አይተው ክኒናቸውን ካቆሙ፣ አዘጋጁ አይጎዳም ያለው ይህን ነው።

ዕፅዋት ምንም አይሠሩም ያልኩ የሚመስለው ካለ፣ የአጃ ቤታ ግሉካን በቀን 3 ግራም ሲወሰድ ኤልዲኤልን 5 ከመቶ ገደማ ያወርዳል። ይህን ማንም ተአምር ብሎ ቴሌቪዥን ላይ አያቀርበውም። ሲጋራ ማቆምንም እንዲሁ።

የቀረችው የመጨረሻ መሸሸጊያ፣ ጥናቱን ሁሉ የከፈሉት የመድኃኒት ድርጅቶች ናቸው የምትለው ናት። የ2022ቱን አዎ፣ አስትራዜኔካ ነው የከፈለው። የ2007ቱ የነጭ ሽንኩርት ጥናት ግን የተከፈለው ከአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር በጀት ነው። ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆነ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ጊንኮ የልብ ሕመምንም ስትሮክንም እንደማይቀንስ ያሳየውን ጥናት የደገፈው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን አማራጭ ሕክምናን እንዲያጠና የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት ማዕከል ነው። የሰፕሊመንት ነጋዴዎችም ድሆች አይደሉም። ለማስታወቂያ የሚያወጡትን ሩቡን አውጥተው የሃምሳ ሰው የደም ሥር ከማጠባቸው በፊትና በኋላ በአልትራሳውንድ ያስለኩና ያሳዩን።