ሽቦ ያጣመረውን መካኒክ አይለየውም

እሑድ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ወረድኩ። የማስጫው ሽቦ የለም። ሁለቱ ብረቶች እንደቆሙ ናቸው፣ መሐላቸው ባዶ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ በኛ ኮንዶሚኒየም ሽቦም ይቆረጣል። እርጥብ አንሶላዬን ታቅፌ ዞር ስል፣ ከአንዲት አሮጌ ኮሮላ ሥር ነጠላ ጫማ ያደረጉ ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ከእግሮቹ ጎን ፒንሳ። ከፒንሳው ጎን የሽቦዬ ጥቅል።

ገባኝ። እናንተም ገብቷችኋል፤ በየብሎኩ አንድ አይጠፋም። ማርሚታው (ያ ድምፅ የሚያፍነው የጭስ ማውጫ) በተንጋደደ ቁጥር ጋራዥ መሄድን እንደ ውርደት የሚቆጥር፣ እሑድን ጠብቆ ከመኪናው ሥር የሚገባ ሊቅ። ዛሬ እነዚህን ሊቃውንት ላመሰግን ነው የተነሳሁት።

መኪና የሚሠሩት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ማርሚታን የሚያንጠለጥሉት በጎማ ነው። ሞተር ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ቱቦው ሲግል ይረዝማል፣ ስለዚህ የተንጠለጠለበት ነገር ለስለስ ብሎ መወዛወዝ አለበት ይላሉ። ጎማዋ በሙቀት ደርቃ ስትበጠስ ማርሚታው ይዘምና ከሥር ቋ ቋ እያለ ይጋጫል። እነሱ ታዲያ ምን ይላሉ? አዲስ ጎማ ግዛ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቅ። ጎማዋን በሳሙና ውኃ አሙለጭልጨህ መስቀያው ላይ ሰካ። ቱቦው ራሱ ከተጣመመ የመገጣጠሚያውን ብሎኖች አላላ፣ አስተካክል፣ መልሰህ አጥብቅ። የፈሪ ሥራ! ጎረቤቴ ግን ሽቦ አለው። ማለቴ፣ እኔ አለኝ።

የዚህን ማርሚታ የሕይወት ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ስለማውቀው ፍቀዱልኝና ልተርክ። ባለፈው ክረምት መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ገባችና አንዷ የማርሚታ ጎማ ተበጠሰች። በሽቦ አሰራት። ሽቦው አጠር ስላለ ማርሚታው ወደ ቀኝ ተሳበ። ወደ ግራ የሚጎትት ሁለተኛ ሽቦ ተጨመረ። ሁለተኛው በረታ፣ ማርሚታው ወደ ግራ ሄደ። ሦስተኛው ለሽምግልና ገባ። ሦስቱ ሲጓተቱ ጫፉ ወደ ላይ ቀና አለና ፓራውልቱን ማቅለጥ ጀመረ። ወደ ታች እንዲጎትተው ድንጋይ ተንጠለጠለበት። አዎ፣ ድንጋይ። መጀመሪያ በፌስታል ነበር፤ ፌስታሉ ቀለጠ፤ በካልሲ ሆነ። የካልሲውን ዕጣ ፈንታ አልነግራችሁም። በዚህ ሁሉ ግብግብ መሐል ቱቦው ተበሳ። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ተቀደደና ተጠቀለለበት። በምን ታሰረ? አትጠይቁኝ። መኪናዋን ከኋላ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው «በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚል ጽሑፍ ያነባል። አሁን ሥሯ የመኪና ሳይሆን የዶሮ ቤት ነው የሚመስለው። አንዴ ቸግሮት ጋራዥ ወስዷት ነበር። መካኒኩ አጎንብሶ አየና «ወንድሜ፣ ይኼን እኔ ከነካሁት መኪናው ይበተናል» አለው። ጎረቤቴ ይህን ዛሬም ድረስ እንደ ዲፕሎማ ያወራዋል።

ጥገና ያለ አማካሪ አይሆንም። አምስት ሰው ቁጢጥ ብሎ መኪናዋን ከቧል። አንዳቸውም መኪና የላቸውም፤ ስለዚህ ምክራቸው ከጥቅም ነፃ ነው። «ወደ ግራ!» ይላል አንዱ። «በማን ግራ?» ይላል ከሥር የሚመጣ ድምፅ። በዚህ ላይ ሩብ ሰዓት ክርክር ተደረገ። የስልኩን ባትሪ አብርቶ የያዘው ጎረምሳ የሚያበራው የራሱን ጫማ ነው። በየመሐሉ ሞተር ይነሳል፣ ነዳጅ ይረገጣል፣ ከአራተኛ ፎቅ ሕፃን ያለቅሳል። ቀጥሎ ሊቃችን የጋለውን ቱቦ በጣቱ ይነካና መጋሉን ያረጋግጣል።

ከዚያ እጁ አልደርስ አለው። የእህቱን ልጅ ጠራ። ልጁ ቢበዛ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። «አንተ ቀጭን ነህ፣ ግባ» አለው።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መኪናዋ ቁልቁል የሆነ ኮብልስቶን ላይ ነች። የያዛት ክሪክና አንድ ብሎኬት ብቻ ነው። ያ ክሪክ ጎማ ለመቀየር ነው የተሠራው፣ ሰው ሥሩ እንዲተኛ አይደለም። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ሲፈረካከስ «ልፈርስ ነው» አይልም። አንድ ቶን የሚጠጋ ብረት ከልጅ ደረት በላይ አንጠልጥሎ «አሁኑኑ ይወጣል» ይባላል? ለአንዲት የማርሚታ ጎማ ዋጋ? ልጁን እግሩን ይዤ ጎተትኩት። አንሶላዬ መሬት ወደቀ። አማካሪዎቹ «ኧረ ተረጋጋ፣ ምን ሆነሃል?» አሉኝ። እኔ ነኝ የምረጋጋው! ያ የተበሳ ቱቦ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። መስኮት ዘግተው ሲሄዱ ከሥር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይኸው ልጅ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄደው በዚህች መኪና ነው።

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሥራው 5 ሰዓት ላይ ተጠናቀቀ። ጎረቤቴ ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ እጁን በአንሶላዬ ጫፍ ጠረገ። «ጋራዥ ቢሆን ስንት ይሉኝ ነበር መሰለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሽቦው የኔ፣ አንሶላው የኔ፣ እሑዱ የሰፈሩ። የሱ ወጪ አንድ የተቃጠለ አውራ ጣት ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ አዲሱ ሽቦ ላይ ብርቱካናማው የልብስ መቆንጠጫዬ እንደተሰካ ቀርቷል። ግማሹ ቀልጧል።

«አትቀየመኝ ወንድሜ፣ ግባ፣ ሽቦህን ልግዛልህ» አለኝ። ገባሁ። ሽቦ እንደ ጎማ አይወዛወዝም፤ የማርሚታውን ንዝረት ሁሉ ለወለሉ ያቀብላል፣ ወለሉ ለወንበሩ፣ ወንበሩ ለጥርሴ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ወደኔ ዞረና በኩራት ጮኸ፦

«ዝም አለ አይደል?»

«ምን?» አልኩት እየጮህኩ።

የሽቦ ሱቁና የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ግድግዳ ይጋራሉ። በመለዋወጫው ሱቅ በር ላይ የማርሚታ ጎማዎች እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው እስከ ደረት ድረስ ተንጠልጥለዋል። ጎረቤቴ በእጁ ገለል አደረጋቸው፣ አለፈና ሁለት ጥቅል ሽቦ ገዛ። አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ።