ስህተቱን የተናገረውን አብራሪ አትቅጡት

ስታዲየም አካባቢ ጠዋት ጠዋት በምቀመጥበት ቡና ቤት አስተናጋጇ ትእዛዝ የምታስተላልፈው በጩኸት ነው። «ሁለት ማኪያቶ፣ አንድ ጥቁር!» ትላለች፣ ገና ከጠረጴዛው ሳትርቅ። ማሽኑ ላይ የቆመው ልጅም ቀና ሳይል መልሶ ይጠራዋል። ባለፈው ሳምንት «ሁለት ጥቁር፣ አንድ ማኪያቶ» ብሎ ሲመልስ እኔ በጆሮዬ ሰማሁት። እርሷ ግን ፊቷን ወደ ሌላ ደንበኛ አዙራ ነበር። ቡናው ተቀየረ፣ ተሳቀ፣ አለቀ።

በአቪዬሽን ታሪክ ይህችው ስህተት ሰው ገድላለች። እ.ኤ.አ. በ1989 ፍላይንግ ታይገር የተባለ የአሜሪካ አየር መንገድ የጭነት ቦይንግ 747 ወደ ኳላ ላምፑር ሲቃረብ፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ወደ 2400 ጫማ እንዲወርድ «ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» ብሎ ፈቀደለት። እንግሊዝኛ ለሁለትም ለ«ወደ»ም የሚሰጠው ድምፅ አንድ ነው። ካፒቴኑ የመጀመሪያውን ቃል ቁጥር ነው ብሎ አልቆጠረውም፤ «ኦኬ፣ ፎር ዜሮ ዜሮ» ብሎ መለሰ። ለእርሱ 400 ጫማ ማለት ነበር። ተቆጣጣሪው አላረመውም። አውሮፕላኑ ከኮረብታ ጋር ተላትሞ የነበሩበት አራት ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ዴልሂ አጠገብ የደረሰው ደግሞ ይታወቃል። 15 ሺህ ጫማ ላይ እንዲቆም የተነገረው የካዛኪስታን አውሮፕላን ቁልቁል አልፎ ሄደና 14 ሺህ ላይ ከሚመጣው የሳዑዲ 747 ጋር ተጋጨ። 349 ሰው አለቀ። በሁለቱ መካከል ሊኖር ይገባ የነበረው አንድ ሺህ ጫማ 300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከስታዲየም መስቀል አደባባይ ድረስ በእግር ከመሄድ ያጥራል። ከመስከረም 2001 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በአፍሪካ ሰማይም ከ29 ሺህ እስከ 41 ሺህ ጫማ የሚበሩ አውሮፕላኖች አንዱ ከሌላው በላይ የሚያልፈው በዚሁ ልክ ነው። ከዚያ በፊት እጥፉ ነበር።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ነገሩ ይበልጥ ቅርብ ነው። አብራሪዎች አዘውትረው ከሚያምታቷቸው ከፍታዎች ዋነኞቹ 10 ሺህ እና 11 ሺህ ናቸው፤ «ዋን ዜሮ» እና «ዋን ዋን» በሚንጫጫ ሬዲዮ ውስጥ መንትያ ይመስላሉ። ባሕር ጠረፍ ላይ ባለ ከተማ ይህ ስህተት ቢያንስ ከመሬት ጋር አያገናኝም። የእኛ ቦሌ ግን ራሱ ከ7600 ጫማ በላይ ተቀምጧል፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ወደ 3200 ሜትር ይጠጋል። በጫማ ቢመነዘር ከ10 ሺህ ይበልጣል፣ ከ11 ሺህ ያንሳል። ሁለቱን ቁጥሮች የሚለያቸው ተራራው ነው።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 343 መውረድ ሲገባው 37 ሺህ ጫማ ላይ እንዳለ ማረፊያውን አልፎ ሄደ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ጥሏቸው እንደነበርና የነቁትም አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው አውቶፓይለት ሲላቀቅ በጮኸው ደወል መሆኑ በዓለም ሁሉ ተዘገበ። አየር መንገዱ አውሮፕላኑ ከተቆጣጣሪዎች ጋር ለጊዜው ግንኙነት አጥቶ እንደነበር ገልጾ፣ በኋላ በሰላም ማረፉንና ሠራተኞቹ ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ መነሣታቸውን አስታወቀ። በዚያ ሰሞን በቡና ቤታችን አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ «ይባረሩ!» እኔም ብያለሁ። ከበረራ ማንሣቱ ተገቢ ነበር፣ አሁንም እንዲሁ አምናለሁ። ያሳፈረኝ ሌላ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ከዚያ በረራ በፊት ስንት ሰዓት ነቅተው ነበር ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አለመኖሩ።

ቁጣ ስህተትን ያስደብቃል፤ በአጥር ውስጥ የቀረ ስህተት የሚያስከፍለውን ዋጋ ደግሞ አሜሪካኖች በ92 ሰው ሕይወት ተምረውታል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 ቲደብልዩኤ የተባለው አየር መንገድ በረራ ቁጥር 514 ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ «ለማረፍ መቅረብ ተፈቅዶልሃል» የሚል ዓይነት ቃል ተነገረው። ሠራተኞቹ ወደ 1800 ጫማ መውረድ እንችላለን ማለት ነው ብለው ተረዱት፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ የካርታውን ዝቅተኛ ከፍታ ራሳቸው ይጠብቃሉ ብሎ ነበር። ተራራ ላይ ተከሰከሱ። በኋላ ሲጣራ ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን እዚያው ቦታ በዚያው ስህተት ከተራራው ለጥቂት ተርፎ ኖሯል። እነዚያ አብራሪዎች ተናግረዋል፣ ዩናይትድም ለራሱ አብራሪዎች አሳውቋል። ወሬው ግን ከአጥር ውጭ አልወጣም። ይህ ታሪክ ባነበብሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ስህተትን በምስጢር የሚቀበል ሥርዓት አቋቋሙ፤ ያስረከቡትም ለቀጪው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለናሳ ነው። አብራሪው በ10 ቀን ውስጥ ይጽፋል። ስሙ ያለበት ቁራጭ ማኅተም ተመትቶበት ወደ ራሱ ይመለሳል፣ ታሪኩ ብቻ ይቀራል። ስህተቱ ሆን ተብሎ ያልተፈጸመ ከሆነ ከቅጣት ያድነዋል፤ ወንጀልና አደጋ ግን አይሸፈኑም። ያ የ10 እና የ11 ሺህ መንትዮች ነገር ጎልቶ የወጣው ከነዚህ ኑዛዜዎች ክምር ነው። ማንም መርማሪ ከስብርባሪ ውስጥ ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ አብዛኞቹ በሰላም አርፈው ወደ ቤታቸው የገቡ ናቸውና።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፣ የእኛ ጩኸት ግን መደበቅን ነው የሚያስተምረው። ሕጉ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ አብራሪው የነገ ርዕሰ ዜና መሆኑን ካወቀ ብዕር አያነሣም። ጋዜጠኞችም ተሳፋሪዎችም እዚህ ላይ እጃችን አለበት።

በቅርቡ አንድ ጡረታ የወጡ አብራሪ እዚያው ቡና ቤት ከፍታ እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ። የስኳሩን ዕቃ በከፍታ መሣሪያው ምትክ መሐል አስቀመጡ። «አንዱ ቁጥሩን ይሞላል፤ ከዚያ ሁለታችንም» አሉና የእኔንም ጣት ይዘው ወደ ዕቃው አስጠቆሙኝ፣ «እየጠቆምን ጮክ ብለን እናነባለን። አንድ ሺህ ሲቀር ደግሞ እንደገና እንናገራለን።»

«ጋሼ፣ እንዲያም ሆኖ አልፈው ሄደው ያውቃሉ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ለማን ተናገሩ?»

የስኳሩን ዕቃ ወደ ቦታው መለሱት። «ለባለቤቴ» አሉ፣ «ነፍሷን ይማረውና።»