ክርን ያላት መንኮራኩር

የስልክ ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች በሙሉ ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ፣ ግራና ቀኛቸው ባዶ ሆኖ እንደሚኖሩ ከሰሞኑ ወዲህ አልጠራጠርም። ከመገናኛ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ለአንዲት ቀን ተቀምጠው ቢያውቁ ኖሮ፣ ስልክን እያዘነበሉ መንኮራኩር መንዳት የሚባል ነገር በሐሳባቸው ባልዞረ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት የጠፈር ጦርነት ላይ ነው። በጣቱ የሚነካው ነገር የለም። መንኮራኩሯ ወደ ግራ እንድትታጠፍለት ስልኩን ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ስልኩን ክንዱ ይከተለዋል፣ ክንዱን ትከሻው ይከተለዋል፣ ትከሻውን ደግሞ ሳልወድ እኔ እከተለዋለሁ። ሽቅብ ልትወጣ ስትል ስልኩን ወደ ደረቱ ይስበዋል፤ ያኔ ክርኑ ጎኔን ያገኘዋል። ጠላት ሲከባት ስልኩን መነቅነቅ አለበት፤ ሲነቀንቀው በዙሪያዋ ሰማያዊ ጋሻ ቦግ ይላል። ጋሻው የእርሷ ነው። ለእኔ ጎን የታሰበ ጋሻ የለም።

«የእኔ ልጅ፣ እባክህ እጅህን ሰብሰብ አድርገው» አልኩት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይህን ዐለት ብቻ ልለፈው» አለኝ፣ ዓይኑን ከጠፈር ሳይነቅል።

አለፈው። ከዐለቱ በስተጀርባ ሌላ ዐለት ነበረ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ሁለት የማይሆኑ ነገሮችን በአራት ቃል ጠፍንጎ አስሮ፣ ቤት አስመትቶ፣ አድማጩን ዝም ያሰኛል። የሚያሳዝነው ሁለቱም ግማሾቹ በእኛው ዘመን መፍረሳቸው ነው። ሰማዩን በሚያዝያ 1953 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ዩሪ ጋጋሪን በ108 ደቂቃ አንድ ትልም አወጣበት። ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው በቮልስዋገን ተወሰዱ። (ያ ከሥልጣን መውረድ እንጂ ክስ አይባልም፣ ለክስ ችሎት ያስፈልጋል የሚል ጠበቃ ወዳጅ አለኝ። ከእርሱ ጋር ከተጀመረ አያልቅምና እንለፈው።) እኛም ብንሆን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን የመጀመሪያ ሳተላይታችንን ከቻይና ምድር አስወንጭፈን አርሰነዋል። ከእንጦጦ ሆነው የተቆጣጠሯት ባለሙያዎች ግን፣ እስከማውቀው ድረስ፣ ሳተላይቷ ስትታጠፍ አብረው እየታጠፉ ጎረቤት አልደቆሱም።

ሞተ ያልኩት ተረት ታክሲ ውስጥ በሕይወት አገኘሁት። ሰማዩ በክርን ይታረሳል፤ አራሹ አይከሰስም። ለማን ይከሰሳል? ለረዳቱ? ረዳቱ ለማንኛውም አቤቱታ ያለው ፍርድ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ!»

ይህችን «ጠጋ» የምትባል ነገር ካነሣሁ አይቀር ልናገርባት። ወንበሩ ለሦስት ሰው ተሠርቷል፤ ሦስት ሰዎች ተቀምጠንበታል፤ አራተኛው በር ላይ ቆሞ በትሕትና ይመለከተናል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የእኛ የሦስታችን ይሆናል። ባለመጥበባችን እንወቀሳለን። ቦርሳ የያዘ ሰው በቦርሳው፣ ወፈር ያለ ሰው በሥጋው ይሸማቀቃል። እኔ ሙሉ ሒሳብ ከፍዬ በግማሽ ጎኔ የተቀመጥኩባቸው ዓመታት ተደምረው ቢሰሉ፣ አንድ ሰው የሚመልስልኝ ብዙ ገንዘብ አለ። ረዳቱ ደግሞ ሥራውን ቆሞ የሚሠራ ሰው ነው፤ መጠጋጋት ምን እንደሚመስል ከየት ይወቀው? እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ነው እንግዲህ ልጁ ስልኩን ይዞ ሰማይ ካልወጣሁ ያለው።

እውነተኞቹ ጠፈርተኞችስ ቢሆኑ መች ሰፊ ቦታ ነበራቸው? እ.ኤ.አ. በ1969 ኒል አርምስትሮንግና ባዝ ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ያረፉባት መንኮራኩር ወንበር አልነበራትም። ክብደት ለመቀነስ ሲባል መቀመጫው ከንድፉ ወጥቶ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ በማሰሪያ ተወጥረው ነው የወረዱት። (ይህችን መረጃ አደራ ለታክሲ ባለቤቶች አትንገሩብኝ።) ኮምፒውተሩ በማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ ማረፊያው ዐለት በዐለት ሆኖ ተገኝቷል፤ ነዳጁ እያለቀ ነው። አርምስትሮንግ ታዲያ አካሉን ወዲያና ወዲህ አላወዛወዘም። መቆጣጠሪያውን በእጁ ይዞ፣ በእጁ ብቻ እየነካካ አሳረፋት። ኦልድሪን ስለ ጎኑ ያቀረበው ስሞታ በታሪክ አልተመዘገበም።

የእኛው ጠፈርተኛ ኡራኤል ደረሰ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። መንኮራኩሯ ሄዳ ከዐለት ጋር ተላተመች፤ ስክሪኑ ቀላ።

«ጋሼ፣ ገፉኝ እኮ!» አለኝ።

እኔ! ከመገናኛ ጀምሮ ጎኔ የጠፈር ወደብ ሆኖ ያገለገልኩት ሰውዬ! ደሜ ፈላ፤ ስለዚህ ነገሩን በሥርዓት ላስረዳ። በስልኩ ሆድ ውስጥ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቺፕ አለች። በውስጧ በቀጫጭን የሲሊከን ዘንጎች የተንጠለጠለች ኢምንት ክብደት አለች፤ ይህች ክብደት ወዴት እንደተሳበች እየለካች «ታች በዚህ በኩል ነው» ትላለች። ስልኩ መዘንበሉን የሚያውቀው በእርሷ ነው። ነገር ግን የምድርን ስበትና የሾፌርን ፍሬን መለየት አትችልም፤ ሁለቱም ለእርሷ አንድ ዓይነት ጉተታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 በርን ከተማ በፈጠራ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው አልበርት አንስታይን ይኸው ጉዳይ ነበር ያብሰለሰለው። ከጣሪያ የሚወድቅ ሰው በሚወድቅበት ቅጽበት ክብደቱ አይሰማውም ብሎ አሰበ፤ ሐሳቡንም በሕይወቱ ከመጡለት ሁሉ እጅግ ያስደሰተው እንደሆነ ተናግሯል። አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ ግልጽ ነው፤ ማንም አልተቀመጠም።

ስለዚህ ያን ቀን መንኮራኩሯን ይነዳ የነበረው ልጁም አይደለም፣ እኔም አይደለሁም፤ ሾፌሩ ነው። ፍሬን ሲይዝ ትዘቀዝቃለች፣ ሲታጠፍ ትጋደማለች፣ ጉድጓድ ሲገባ ጋሻዋን ታወጣለች። መዞርን ለይቶ የሚለካ ጋይሮስኮፕ የሚባል ሌላ መሣሪያ ያላቸው ስልኮች አሉ፤ የልጁ ጨዋታ ግን በእርሱ የሚጠቀም አይመስለኝም፤ ቢጠቀም ኖሮ ኡራኤል ላይ ባልተወቃቀስን ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን ሌላ ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ያለማቋረጥ ምድርን እየዞረ የሚወድቅ ስለሆነ፣ ይህች ቺፕ እዚያ ስትደርስ የምትለካው ዜሮ ነው። ላይ የለም፣ ታች የለም፣ ማዘንበል የለም። በእርሷ ብቻ የሚነዳ የጠፈር ጨዋታ ጠፈር ላይ አይሠራም ማለት ነው። የልጁ መንኮራኩር የምትበረው ምድር ላይ ብቻ ነው፤ ከምድርም እኔ አጠገብ።

ይህን ሁሉ አስረዳሁት። በሙሉ ጨዋነት ሰማኝና «አሁን ልቀጥል?» አለኝ። ከወዲያ በኩል የተቀመጡት ሴትዮ ደግሞ፣ የግራ ክርኑ የእኔ የቀኝ ክርኑ የእርሳቸው ሆኖ ሳለ፣ ከእኔ ጋር ይቆማሉ ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አውጥተው ስክሪኑ ላይ አቀርቅረዋል። «ወደ ግራ በል፣ ወደ ግራ!» ይሉታል። ግራው እኔ ነኝ።

ድምፁንስ ረስቼው ነው? ጠፈር አየር የለውም፤ አየር በሌለበት ድምፅ አይጓዝም። ስለዚህ መንኮራኩር በመንኮራኩር ላይ ብትፈነዳ ከሩቅ የሚታየው ብልጭታ እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። ጨዋታው በሌላው ሁሉ ሳይንስን ባያከብር፣ እባካችሁ በዚህች አንዲት ነገር ቢያከብር! ግን አያከብርም። ፍንዳታው ከሬዲዮኑ የስፖርት ዘገባ ጋር፣ ዘገባው ከረዳቱ «ወራጅ አለ?» ጋር ይደባለቃል። ማዳመጫ የሚባል ዕቃ ተፈልስፏል። በየመንገዱ ይሸጣል። አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር። አንገቱ ላይ!

ድሮ እንዲህ አልነበረም ስል የሽማግሌ ልማድ እንዳይመስላችሁ፤ መረጃ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ሁለት መንኮራኩሮች የሚዋጉበት ጨዋታ ተሠራ። መጀመሪያ ይነዳ የነበረው በኮምፒውተሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበር፤ ማብሪያዎቹ የተቀመጡበት ቦታ ግን አንዱን ተጫዋች ከስክሪኑ ወደ ጎን ገፍቶ ይበድለው ነበር። ምን አደረጉ? ለእያንዳንዱ በእጁ የሚይዘው ትንሽ መቆጣጠሪያ ሣጥን ሠሩ። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ከጥንታውያኑ የጠፈር ጨዋታዎች አንዱ መሪው የተቀየረው ለጎረቤት ታስቦ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 አታሪ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ያወጣው የዐለት ሰባሪዋ መንኮራኩር ጨዋታም አምስት ቁልፎች ነበሩት፤ አምስቱም ለጣት።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2000 ኖኪያ 3310 መጣ። በውስጡ ከነበሩት አራት ጨዋታዎች አንዱ የጠፈር ውጊያ ነበር፤ ቁጥሮቹን በአውራ ጣት እየተጫኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲዋጉ ቢያድሩ፣ አብሮ የተኛ ወንድም እንኳ አይነቃም። ሌላው ጨዋታ ደግሞ የገበጣ ዘመድ ነበር። አዎን፣ የእኛው ጠጠርና ጉድጓድ፣ ስልክ ውስጥ።

ገበጣ ካልኩ ደግሞ አጎቴን ማለፍ አልችልም። አጎቴ መዳፋቸው ሰፊ ነው። ጠጠር ሲዘሩ እጃቸው ከጉድጓዱ በላይ ለአፍታ ቆም ትላለች፤ በዚያች አፍታ ወይ ሁለት ጠጠር አንድ ጉድጓድ ይገባል፣ ወይ አንዱ ጉድጓድ ይዘለላል። ሁልጊዜም ወደ እርሳቸው ጥቅም። «አጎቴ፣ ሁለት ጣሉ» ስላቸው «ቁጠር» ይሉኛል። የምቆጥረው ከተዘራ በኋላ ነው፤ ከተዘራ በኋላ ማን ያውቃል? ለእናቴ ስነግራት የምትመልስልኝ ታላቅ አይከሰስም ብላ ነበር። (ተረቱ ለምን ልቤ ውስጥ እንደቀረ አሁን ገባችሁ?) በስተኋላ ያን ኖኪያ ስገዛ፣ መጀመሪያ የወሰድኩት ለእርሳቸው ነው። ማሽን ጠጠር አይደብቅም ብዬ። ቁጭ ብለው ተጫወቱ። ተሸነፉ። ደገሙ፤ ተሸነፉ። ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን አዩና «ይህ ዕቃ ያጭበረብራል» ብለው መለሱልኝ። የዚያን ቀን ያህል በቴክኖሎጂ ተደስቼ አላውቅም። አሁንም ቢሆን በዓል ላይ ገበጣ ሲነሣ ወሬ ያስለውጣሉ።

ወዴት ነበር የምሄደው? ማዘንበል። ማዘንበሉን በተመለከተ፣ እንዲህ ካሉት ጨዋታዎች ብዙዎቹ በቅንብራቸው ውስጥ መንኮራኩሯን በጣት የመንዳት አማራጭ እንዳላቸው ቆይቼ ሰምቻለሁ። አማራጭ ባይኖር ኖሮ ንዴቴ ግማሽ በሆነ ነበር። ለሠሪዎቹ ደብዳቤ ብጽፍ የምለምናቸው አንዲት ነገር ነው፦ ጨዋታው ሲከፈት «ግራና ቀኝዎ የተቀመጡትን ሰዎች አስፈቅደዋል?» የሚል ጽሑፍ ይውጣ። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ሳያነብ «ተስማምቻለሁ» የምትለውን ይጫናል። እርሷን ደግሞ በጣቱ።