ማስተካከያ፦ ስለ ፍሬን ዘይቱ

ለትራይክ (ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ሳይክል) ክለባችን የጋራ ጉዞ መዘጋጃ በጻፍኩት ማስታወሻ ላይ «የፍሬን ዘይት ከጎደለ ዶት 4 ላይ ዶት 5 ጨምሩበት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ማለት የፈለግኩት ዶት 5.1 ነው («ዶት» የፍሬን ዘይት ዓይነት መለያ ነው)።

«.1» ቀላል ነገር ትመስላለች፤ ግን ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ዶት 5 መሠረቱ ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይደባለቅም። ዶት 5.1 ግን እንደ ዶት 4 መሠረቱ ግላይኮል የሚባል ኬሚካል ስለሆነ ከእሱ ጋር ይደባለቃል።

እኔን ሰምታችሁ የቀላቀላችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ። ትራይኩን አትንዱት፤ መካኒክ የፍሬኑን መስመር አጥቦ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ይቀይረው። የሚስማማው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ደግሞ ዘይቱ ዝቅ ያለው የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ከመሙላታችሁ በፊት እሱን እዩት።

የመገናኛ ሰዓቱም ቦታውም እንደነበረ ነው።