ድንኳን ተካይ ሞልቷል፣ አጣፊ ጠፋ

ድሬዳዋ ውስጥ ድንኳን ሲተከል ሰው አይጠፋም። ለቅሶ ከሆነ የዕድሩ ጥሩንባ ሳያባራ ግማሹ ሰፈር ደርሷል። አንዱ ቱቦ ይሸከማል፣ አንዱ ካስማ ይመታል። ከሁሉም የሚበዛው ግን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ አቦ!» የሚለው ነው። ሰርግ ከሆነማ ድንኳን ሰባሪው ሳይቀር ገመድ ይጎትታል። ነገ ምሳ ላይ «አንተ ደሞ የማን ወገን ነህ?» ቢባል መልስ ይሆነዋላ።

ድንኳኑ የሚነሳ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወገቡን ያመዋል። አንዱ ሳቢያን ቀጠሮ አለበት። ሌላው ከፊራ ገበያ ዕቃ አስቀምጦ መጥቷል። ከምሳ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሰበብም አያስፈልግም፤ የበርጫ፣ የጫት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ «ና ሸራ እንጠፍ» የሚል ሰው፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ የዕድሩ ንብረት ያዥ።

እናም ንብረት ያዡ ይቀራል። አንድ ዝምተኛ ልጅም ይቀራል፤ በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም፣ ማንም ስሙን በትክክል አያውቀውም። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያዙ አንድ አባትም አሉ። «ጥጉን ከጥጉ አጋጥሙ!» ይላሉ። ልጁ ይጎትታል፣ ንብረት ያዡ ይለቃል። ቀጥሎ ንብረት ያዡ ሲጎትት ልጁ ይለቃል። መሃሉ አየር ይዞ ይነፋል፤ ልጁ ላዩ ላይ ተኝቶ ያስተነፍሰዋል። በመጨረሻ ተጠቅልሎ ወደ ከረጢቱ ሲቀርብ አልገባም ይላል። ከዚሁ ከረጢት ነው እኮ የወጣው! «ስትተክሉት አስፍታችሁታል» ይላሉ አባት፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ።

ይህ በበጋ ነው። በክረምት ነገሩ ይከፋል።

ደንገጎ ተራራ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ድሬ ውስጥ ማንም አይቀልድም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ወስዷል፤ ያንን ያየ ሰው ደመና ሲያይ ቢሮጥ አይፈረድበትም። ችግሩ የእኛ ሩጫ ሸራውን እርጥቡን ጠቅልሎ መጋዘን እስከ መወርወር ነው። ከዚያ ቁልፍ። ከዚያ «ተገላገልን»።

የጥጥ ሸራ የራሱ ጠባይ አለው። ሲርስ ክሩ ያብጥና የሽመናውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ዝናብ የሚችለውም አንድም በዚህ ነው። እየዘነበ ከውስጥ በጣት ከነኩት ግን እዚያችው ላይ መንጠብጠብ ይጀምራል። ወንበር ላይ ቆሞ ጣራ የማይነካ ልጅ ደግሞ ገና አልተወለደም። ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው እርጥብ ሆኖ መታሰር ነው። በሙቀት ሻጋታ ለመጀመር አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። የእኛ መጋዘን ደግሞ ቆርቆሮ ነው፤ ቦታው ድሬ ነው። ሻጋታ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ማንሳት ግድ ከሆነ መላ አለው። ውሃው በመጥረጊያ ይራገፋል። እርጥቡ ፊት ከእርጥቡ ፊት ይገጥማል፣ ደረቁ የውስጥ ወገን እንዳይነካካ። ጠበቅ ተደርጎም አይታሰርም። በማግስቱ ወጥቶ ይዘረጋል። የድሬ ፀሐይ እኮ ነው፤ ጠዋት የተሰጣ ሸራ ለምሳ ይደርሳል፣ ያውም በነፃ። ግን በማግስቱ ማን ይምጣ? ሟች ተቀብሯል፣ ሙሽሮች ሄደዋል፣ የሚበላም የለም።

የእኛ ዕድር ድንኳን በሚቀጥለው ለቅሶ ሲዘረጋ ጥቁር ነጠብጣብ አብቅሎ ነበር። ሽታው ደግሞ ለቀስተኛውን አፍንጫውን በነጠላ አስያዘው። ሩቅ ሆኖ ላየ ሰው ሁሉም አምርሮ የሚያለቅስ ይመስላል። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አንዱ ዕጣን ይጨስበት አለ። ሌላው የፕላስቲክ ሸራ እንግዛ አለ። «በፕላስቲክ ውስጥ በሚያዝያ ሦስት ቀን ተቀምጠህ ታውቃለህ?» ተባለና ዝም አለ። በመጨረሻ በሳሙናና በበረኪና ይታጠብ ተብሎ በጭብጨባ ጸደቀ።

ታጠበ። ነጭ ሆነ። ፎቶ ተነሳ። ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው ነገር አብሮ መታጠቡን ያወቅነው በነሐሴ ነው። ለቀስተኛው ከታች፣ ድንኳኑ ከላይ አለቀሱ።

ሁለተኛ ስብሰባ። መተዳደሪያ ደንቡ ተገለጠ። ቀብር ለቀረ ቅጣት አለ። ስብሰባ ላረፈደ ቅጣት አለ። ስለ ማጠፍ አንድም ቃል የለም። ሐረር ያሉ ዘመዶቼን በአፎቻ፣ ማለትም በሐረሪዎቹ ዕድር ውስጥ፣ ይህ ነገር እንዴት እንደሚሄድ ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ከዚያ የእኛን እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ተውኩት። ብዙ ከተባለ በኋላ ለሚያጥፉና ለሚያሰጡ ሰዎች ትንሽ አበል ይታሰብ ተባለ። ያን ጊዜ አዳራሹ ነቃ። ወገቡን ያመመው ሁሉ ዳነ።

እዚያው ሰባት ሰው ተመዘገበ። ስድስቱ በተቆጣጣሪነት። ሰባተኛው ዝምተኛው ልጅ ነው፤ ስብሰባው ላይ አልነበረም፣ ንብረት ያዡ ነው ያስመዘገበው።