ብረት ለበሱ ለዱባው

የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ለአካባቢ ፖሊስ ያለው ቸርነት ልክ የለውም። የተቀባዮቹም ጨዋነት እንዲሁ። «ይሄ ምን ይሠራልናል?» ብለው ሰጪን አያሳፍሩም። መጀመሪያ ይቀበላሉ፤ ጥቅሙ በኋላ ይፈለጋል።

የኒው ሃምፕሸሯ ኪን 23 ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። ለብረት ለበስ መኪና መግዣ ከአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ወደ 286 ሺህ ዶላር አገኘች። ማመልከቻዋ ላይ ዓመታዊው የዱባ ፌስቲቫል ሳይቀር ተጠቅሷል። አሸባሪው ዱባ ላይ ዓይኑን መጣሉን ቀድሞ ማወቅ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ!

ገንዘብ የማይፈልጉም አሉ። ለእነሱ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «1033» የሚባል ፕሮግራም አለ። ጦር ሠራዊቱ የተረፈውን ዕቃ በነፃ ይሰጣል፤ ማጓጓዣና ጥገና ብቻ በተቀባዩ ነው። እኔን ያስደመመኝ ግን ደንቡ ነው፦ ዕቃው በ1 ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ወንጀል ከጠፋስ? ይፈለጋላ!

ሀበሻ በሚበዛባት ኮሎምበስ፣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፖሊስ በ2013 እ.ኤ.አ. ፈንጂ የሚቋቋም የጦር መኪና ወሰደ። ከታሰበለት ሥራ አንዱ በጨዋታ ቀን ስታዲየም አካባቢ መታየት ነበር። ደጋፊ ፈንጂ አይቀብርም፤ ቢሆንም ላያስችል አይሰጥም።

የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ፖሊስ ደግሞ 3 የቦምብ ማስወንጨፊያ ነበረው። ፈተና ለሚኮርጅ ይሆናል እንግዲህ። በ2014 ፈርጉሰን በምትባል ከተማ ፖሊስ ጥቁር ወጣት በመግደሉ የተነሣው ተቃውሞ አገሩን ሲያናውጥ፣ ማስወንጨፊያዎቹን እንደሚመልስ አስታወቀ። ኤም 16 ጠመንጃዎቹን ግን አስቀረ። ሁሉን መመለስ ለሰጪውም ቅር ያሰኛል።

ኦባማ በ2015 አንዳንዱን ዕቃ ከለከሉ፣ ትራምፕ በ2017 መልሰው ፈቀዱ። በዚያው ዓመት ይፋ እንዳደረጉት፣ የኮንግረስ ኦዲተሮች ፕሮግራሙን ሊፈትኑ የሌለ የፖሊስ ተቋም ፈጠሩ። የሐሰት ድረ ገጽ ከፈቱለት፤ አድራሻው ባዶ ቦታ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ዕቃ ተረከቡ፤ በጨለማ የሚያሳይ መነጽር ሁሉ ነበረበት። እኔ ይህን ተቋም ከሁሉም አብልጬ አደንቃለሁ። ዕቃ ወሰደ እንጂ ማንንም አልደበደበ፣ ደሞዝ ይጨመርልኝም አላለ።